የዕፅዋትን ክፍሎች ከጓዳ እስከ ጓሮ ፈትቶ ማወቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

ድንች ሥር አይደለም። የቀይ ሽንኩርት ንጣፎች ቅጠሎች ናቸው። የእንሰት ግንድ የምንለው ረጅሙ ነገር ግንድ አይደለም። የጤፍ ቅንጣት ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሙሉ ፍሬ ናት።

አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት ሳለን የተክል ሥዕል ላይ ቀስት እየሳብን «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር» ብለን ሸምድደን ፈተናውን አልፈናል። ጓዳ ገብተን ዝንጅብል ስናነሳ ግን «ይሄስ የቱ ነው?» የሚል ልጅ ቢመጣ አፋችን ይያዛል። ሥዕሉ ላይ ያለው ተክል አንድ ነው፤ ገበያ ያለው ግን እልፍ። ስለዚህ እዚህ ስም አንሸመድድም። እንዘፈዝፋለን፣ እንቆርጣለን፣ እንፈለቅቃለን። የተክሉ ክፍል ማን እንደሆነ ራሱ እንዲነግረን እናደርጋለን።

ከልጆች ጋር ቢሠራ ጥሩ ነው። ብቻችሁን ብትሠሩትም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሁለት ጥያቄ

ማንኛውንም የተክል ክፍል ስታነሱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዓይን አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ለተክሉ ምን ይሠራለታል?

ዓይን የምለው አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን ትንሽ እብጠት ነው። የድንች ዓይን የምንለው ዓይነት። ዓይኖች በሥርዓት ተደርድረው ካያችሁ የያዛችሁት ግንድ ነው። መሬት ውስጥ ቢደበቅም፣ ቢወፍርም፣ ቢጠፈጠፍም ግንድነቱ አይቀርም። ቅጠል ደግሞ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ብብቱ ላይ ዓይን አለው። ሥር ግን እንዲህ ያለ ድርድር የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስፈልገው ተክል ክፍሎቹን ከተለመደው ሥራቸው ውጪም ስለሚያሠራቸው ነው። ሥር ምግብ ያከማቻል። ግንድም ያከማቻል። ቅጠልም ያከማቻል። «ወፍራም ነው፣ ከመሬት ነው የወጣው፣ እንግዲያው ሥር ነው» የሚለው ግምት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከጓዳ፦ አንድ እፍኝ ባቄላ፣ አንድ እፍኝ ቦሎቄ፣ ጥቂት በቆሎ፣ ቆንጠር የምታክል ፌጦ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ዘንግ ያለው ቆስጣ። ከሱቅ፦ የምግብ ቀለም (ቀይ ወይም ሰማያዊ)፣ ስቴኪኒ፣ ሶፍት። ከፋርማሲ አዮዲን። ሁለት ሦስት ብርጭቆና የተሳለ ቢላዋ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ እሰየው፤ ከሌለ የስልካችሁ ካሜራ ጠጋ ተደርጎ ሲነሳ ብዙ ያሳያል።

አንድ ማሳሰቢያ። ለመዝሪያ ተብሎ የሚሸጥ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር አትጠቀሙ። ቀለሙ ዘሩ በኬሚካል መታሸቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለልጅ እጅ አይሆንም። የወጥ ቤት እህል ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ዘሩን ክፈቱት

ባቄላውን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ጠዋት አንዱን አንሱና ጫፉ ላይ ያለችውን ጠባሳ ፈልጉ። በብዙ ባቄላ ላይ ጠቆር ብላ ትታያለች። ዘሩ ከቆባው (ፍሬዎቹን ከያዘው ውጫዊ ሽፋን) ጋር የተያያዘው በእሷ በኩል ነበር፤ ምግብ ይገባለት የነበረውም በዚያው ነው። አሁን የዘሩን ውጭ አድርቁትና በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት። ከጠባሳዋ አጠገብ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ ጠብታ ውኃ ብቅ ትላለች። ዘሩ ሊበቅል ሲል ሥሩ የሚወጣውም በዚያው አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ልጣጩን ግፈፉት። ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ ሁለቱ ወፋፍራም ክፍሎች ክክ ናቸው። አዎ፣ የክክ ወጥ ክክ። ቀስ ብላችሁ ስትከፍቷቸው አንደኛው ክክ ላይ ተጣብቃ የቀረች ትንሽ ተክል ታገኛላችሁ። ሹል ጫፏ የወደፊት ሥር ነው። በሌላው ጫፍ የታጠፉ፣ ስስ፣ ገርጣ ያሉ ቅጠሎች አሉ። ዘር ማለት ስንቁን ይዞ የተኛ ሙሉ ተክል መሆኑን እዚህ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሱቅ የተገዛ የአተር ክክ ብትዘሩት የማይበቅለውም ስንቁ ብቻ ስለቀረ ነው፤ ባለቤቷ ሲፈከክ ተነጥላለች።

ክኩ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣሉ። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል። ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ያከማቸው ምግብ፣ አለ ማለት ነው። ድንች ላይም ሞክሩት፣ ያው ነው። አዮዲን የነካውን ግን መብላት የለም። እጅና ልብስም ያቀልማል።

አሁን ማብቀል። ብርጭቆ ውስጥ ሶፍት ጠቅልላችሁ አስገቡ፣ አርጥቡት። ባቄላና ቦሎቄ በሶፍቱና በብርጭቆው መሃል አስቀምጡ፣ ከውጭ እንዲታዩ። ሶፍቱ እንዳይደርቅ ብቻ ተከታተሉ። ውኃ ውስጥ ከሰጠሙ ይበሰብሳሉ፤ ዘርም ይተነፍሳል።

ከቀናት በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ቦሎቄው አንገቱን ቀልሶ ክኮቹን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ባቄላው ግን ክኮቹን ባሉበት ትቶ ቀንበጡን ብቻ ይልካል። ይሄ ልዩነት ማሳ ላይ ዋጋ አለው። ከአፈር የወጣ ቦሎቄን ተባይ ከክኮቹ በታች ከቆረጠው አለቀለት፣ ዓይኖቹ ሁሉ ከላይ ናቸው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራና ምስር ግን ክካቸው ከአፈር በታች ስለሚቀር፣ ብብቱ ላይ ያለው ዓይን ተርፎ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

በቆሎም ዘፍዝፉና ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። እንደ ባቄላ ሁለት ክክ አይወጣውም። ከሾጣጣው ጫፍ በኩል ነጭ ብላ የምትታየው ተክሏ ናት፤ የቀረው ስንቅ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ጤፍ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው፦ ባለ አንድ ክክ። ይህ መለያየት ሥርም ቅጠልም ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ሥሩን በፌጦ ተመልከቱ

ሥር ለማየት ከፌጦ የተሻለ የለም። ቶሎ ይበቅላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሳህን ላይ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፣ ፌጦውን አራርቃችሁ በትኑበት፣ በሌላ ሳህን ክደኑት። ዘሩ ሲረጥብ ዙሪያውን ዝልግልግ ነገር ይሠራል። ፌጦ ዘፍዝፎ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ተፈጥሮው ነው።

በሁለት በሦስት ቀን ነጭ ሥር ታያላችሁ። ሥሩ ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር ይኖራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ሻገተብኝ» ብሎ ይደፋዋል። አትድፉት! ሻጋታ ከዘር ወደ ዘር እየተንጠላጠለ ይሰፋል፣ ይሸታል፣ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። ይሄኛው ግን ከሥሩ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ በሁሉም ቡቃያ ላይ በተመሳሳይ ቦታ፣ እኩል ተደርድሮ ነው የሚታየው። ውኃ ብትረጩበት ይተኛል፣ ሲደርቅ መልሶ ይነሣል። ይሄ የሥር ጸጉር ነው። እያንዳንዱ ጸጉር አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ከአፈር ውኃና ማዕድን የሚስበው በዋናነት ይሄ ክፍል ነው።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጫፉ ራሱ ጸጉር የለውም፣ ለስላሳ ነው። ጫፉ አፈር እየሰነጠቀ የሚያልፍበት መከላከያ ቆብ አለው። ከእሱ ቀጥሎ የሚያድገው ክፍል፣ ከዚያ ጸጉራሙ ክፍል፣ ከዚያ ጸጉሩን ያረገፈ አሮጌ ሥር። ጸጉሩ ጫፉ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥሩ ወደፊት ሲገፋ ሁሉም ይታጨድ ነበር።

ችግኝ ስታዛውሩ ውኃ እየጠጣም የሚጠወልገው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። ችግኙ ከነአፈሩ ካልተነሣ እነዚህ ጸጉሮች ይበጣጠሳሉ። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት መደቡን አጠጡት፣ አፈሩን አታራግፉ፣ አመሻሽ ላይ ትከሉ። ምሽት ላይ ቅጠሉ ብዙ ውኃ አያባክንም፣ ሥሩም እስኪነጋ ትንሽ ፋታ ያገኛል።

ወደ ባቄላው ብርጭቆ ተመለሱ። ሥሩ ወደ ታች አንድ ሁለት ጣት ሲረዝም ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ወደ ታች ታጥፎ ታገኙታላችሁ። አሮጌው ክፍል እንደተጋደመ ይቀራል፤ የሚታጠፈው ጫፉ አካባቢ ያለው የሚያድገው ክፍል ብቻ ነው። ቀንበጡ በተቃራኒው ወደ ላይ ይታጠፋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ጨለማ ቦታ ብታስቀምጡትም እንዲሁ ያደርጋል። አቅጣጫውን የሚነግረው ብርሃን ሳይሆን የመሬት ስበት ነው።

ገጠር ከሆናችሁ ወይም ዘመድ ዘንድ ከሄዳችሁ አበባ ላይ ያለ ባቄላ ወይም ሽንብራ በአካፋ ከነአፈሩ አንሡና ሥሩን በውኃ እጠቡት። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ወደ ሮዝ ካደላ እየሠራ ነው። እባጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጡታል። ተክሉ በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ገበሬ ከስንዴና ከጤፍ በፊት ባቄላ ወይም ሽንብራ የሚያፈራርቀው ይሄን ጥቅም ስለሚያውቅ ነው። እባጩ በጎን በኩል ተጣብቆ በቀላሉ የሚፈነቀል ካልሆነና ሥሩ ራሱ ካበጠ ግን የትል ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የስንዴ ወይም የጤፍ ሥር ብትነቅሉ ደግሞ አውራ የሚባል ሥር አታገኙም። ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም እኩያ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጎመን ግን አንድ አውራ ሥር ወደ ታች ይሰዳል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይቀጠላሉ። ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ያልነው ነገር እዚህ ተመልሶ መጣ። በቆሎ ደግሞ ከመሬት በላይ ካለው አንጓ ተጨማሪ ሥር አውጥቶ ራሱን ይደግፋል። ሥር ከግንድ ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ ግንድ፣ የተደበቀውም ጭምር

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይሄ ነው። ድንቹን፣ ስኳር ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ዝንጅብሉንና ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ገበያ ላይ ሁሉንም ከመሬት የወጣ ብለን በአንድ እንጠራቸዋለን። እስቲ ዓይን ፍለጋ እንውጣ።

ድንቹ ላይ ባለው ዓይን ሁሉ ስቴኪኒ ሰኩ። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ስቴኪኒዎቹን በክር አያይዙ። ክሩ እየዞረ ይወጣል። ከመሬት በላይ ባለው ግንድ ላይ ቅጠሎች የሚደረደሩትም እንዲሁ እየዞሩ ነው። ዓይኑን በደንብ ካያችሁት ጠርዙ ላይ ቅንድብ የመሰለች መስመር አለች፤ የረገፈች ትንሽ ቅጠል ምልክት ናት። ቅጠል፣ ብብቱ ላይ ዓይን፣ ሕጉ ተሟላ። ድንች ምግብ ሊያከማች መሬት ውስጥ የወፈረ ግንድ ነው። ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያረንጎደውን ግን አትብሉት፣ ከአረንጓዴው ጋር መርዛማ ንጥረ ነገር አብሮ ይጨምራል። ለዘር ስትቆርጡ ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ዓይን መኖሩን አረጋግጡ። ዓይን የሌለው ቁራጭ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም።

ስኳር ድንቹ ላይ ስቴኪኒ የምትሰኩበት ቦታ አታገኙም። የተደረደረ ዓይን የለም። እውነት ነው፣ ውኃ ላይ ብታስቀምጡት ያቆጠቁጣል፤ ግን ቀንበጡ ሥርዓት በሌለው ቦታ፣ በብዛት ከተክሉ ጋር በተያያዘበት ጫፍ በኩል ነው የሚወጣው። ስኳር ድንች የወፈረ ሥር ነው። ካሮትም ሥር ነው፣ አናቱ ላይ ቅጠሎቹ የበቀሉባት ስስ ቦታ ብቻ ግንድ ናት። ዝንጅብል ላይ ግን ቀለበት ቀለበት መስመሮች አሉ፣ ጫፎቹ ላይም የሾሉ ዓይኖች። ወደ ጎን የሚሄድ ግንድ ነው። እርድም እንደዚያው።

ቀይ ሽንኩርቱን ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት ሰንጥቁት። ታች ሥሮቹ የተንጠለጠሉባት ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ነገር ግንዱ ናት። ያቺው ናት። በእሷ ላይ የተደራረቡት ሁሉ የቅጠል መነሻዎች ናቸው። መሃሉን ብታዩ ሊያቆጠቁጥ የተዘጋጀ ዓይን አለ። የነጭ ሽንኩርት እያንዳንዱ ፍንካች ደግሞ አንድ የወፈረ ዓይን ነው። ለዚህ ነው አንዱን ፍንካች ስትተክሉ አንድ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት የሚወጣው።

ጥቅል ጎመንን እንዲሁ ሰንጥቁት። መሃሉ ላይ ነጭ ወፍራም ግንድ ይታያል፣ ከግንዱ ቅጠሎች ይወጣሉ። በየቅጠሉ ብብት ላይ ትንሽዬ ጥቅል ጎመን የምታክል ዓይን ቁጭ ብላለች። ጥቅል ጎመን ራሱ አንድ ግዙፍ ዓይን ነው። ጓሮ ካላችሁ ጥቅሉን ብቻ ቆርጣችሁ ጉቶውን ከጥቂት ቅጠል ጋር ተዉት። ከቀሩት ብብቶች ትናንሽ ጥቅሎች ያወጣል።

እንሰትን ቢላዋ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አይቻልም፤ ግን ደቡብ የሄደ ሰው በቀላሉ ያየዋል። ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታየው ወፍራም ነገር እንደ ጋዜጣ ተጠቅልለው የተቃቀፉ የቅጠል መነሻዎች ናቸው። እውነተኛው ግንድ አምቾው ነው፣ መሬት ውስጥ። ሴቶቹ ለቆጮ ሲሠሩ ከላይ ያለውን ይፍቃሉ፣ አምቾውን ይፈቀፍቃሉ፤ ቅጠልንና ግንድን ለይተው እንደየባሕሪያቸው ነው የሚያዘጋጇቸው። ተክሉ ሲያብብ እውነተኛው ግንድ በመሃል ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ አበባ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ይሞታል። ያከማቸውን ሁሉ ለአበባና ለፍሬ ስለሚከፍል ገበሬው ከዚያ በፊት ወይም አበባው ብቅ ሲል ይቆርጠዋል።

ማባዣው ደግሞ የዓይን ጉዳይ ነው። እንሰት በራሱ ጊዜ ብዙም ግልገል አያወጣም። ገበሬው ከላይ ቆርጦ የአምቾውን መሃል፣ ማለትም ዋናውን ዓይን፣ ያወጣና ይቀብረዋል። የመሃሉ ዓይን ሲጠፋ ታፍነው የነበሩት የጎን ዓይኖች በርካታ ግልገል ያወጣሉ። ጎመን ስትቀነጥሱ፣ የጌሾ ወይም የጽጌረዳ ጫፍ ስትቆርጡም የሚሆነው ይሄው ነው፦ ጫፉ ሲቆረጥ ጎኑ ይነቃል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ በዚህ ተክል እንደሚኖር ስታስቡ፣ ያ ዕውቀት ያለ መጽሐፍ ስንት ትውልድ እንደመገበ ይገባችኋል።

ግንድ ማመላለሻም ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ የምግብ ቀለም በዛ አድርጋችሁ በጥብጡ። ነጩን የቆስጣ ዘንግ ታችኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ ወዲያው ንከሩት። ቆስጣው ራሱ የቅጠል ዘንግ ነው፣ ቱቦዎቹ ግን ከግንዱ የመጡ ስለሆኑ ለሙከራው ያገለግላል። ብርሃንና ነፋስ ያለበት መስኮት ጋ አድርጉት። በሰዓታት ውስጥ ቀለሙ ወደ ቅጠሉ ጅማት መውጣት ይጀምራል። ዘንጉን በአግድም ስትቆርጡት ባለቀለም ነጥቦች ታያላችሁ። ውኃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች ናቸው፣ ዛይለም ይባላሉ። ቅጠል የሠራውን ስኳር የሚያጓጉዙት ሌሎች ናቸው፣ ፍሎየም፤ እነሱን ቀለሙ አያሳይም።

በዛፍ ላይ ፍሎየም ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ከብት የታሰረበት ገመድ ወይም ፍየል የዛፉን ቅርፊት ዙሪያውን ከገፈፈው፣ ዛፉ ለጊዜው ለምልሞ ይቆያል። ውኃው በእንጨቱ በኩል መውጣቱን አላቆመምና። ሥሩ ግን ስኳር ተቋርጦበታል፤ ቀስ ብሎ ይራባል። ዛፉ የሚደርቀው ከወራት በኋላ ሲሆን ምክንያቱ የተረሳ ይመስላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዛፍ ላይ የመታችሁት ምስማር ከዓመታት በኋላም ያው ከፍታ ላይ ነው። ዛፍ የሚረዝመው በጫፉ እንጂ በመሃሉ አይደለም። መሃሉ የሚወፍር ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቅጠል

እዚህ ላይ ፈጠን እንላለን፣ ሥራው ለሁሉም ግልጽ ነው። ብርሃን፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅን ይለቃል።

መጀመሪያ ቅጠሉ የት እንደሚጀምር እወቁ። የጽጌረዳ ቅጠል አምስት ወይም ሰባት ትናንሽ ቅጠሎች ይመስላሉ፤ ግን በየትንንሾቹ ብብት ዓይን ፈልጉ። የለም። ዓይኑ ያለው ዋናው ዘንግ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ አንድ ቅጠል ናቸው። የግራር ቅጠልም እንዲሁ ነው። ጅማቱንም እዩ፦ በበቆሎና በሣር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ በጎመንና በባቄላ መረብ ይሠራል።

ቀጥሎ ፀሐይ ያገኘች ቅጠላማ ቅርንጫፍ ላይ ያልተቀደደ ፌስታል አስገብታችሁ አፉን እሰሩት። ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠሉን አራግፋችሁ እንዲሁ አድርጉ። ከሰዓታት በኋላ የመጀመሪያው ፌስታል ውስጥ ውኃ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ውስጥ ካለም ጥቂት ነው። ቅጠል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ በስቶማታ በኩል፣ ውኃ ያተናል። ውኃውን ከሥሩ ጀምሮ ስቦ የሚያወጣው ዋናው ኃይል ይሄ ትነት ነው። ቆስጣውን ነፋስ ያለበት አስቀምጡ ያልኳችሁም ለዚሁ ነበር።

ነጭ ባሕር ዛፍ አጠገባችሁ ካለ ሁለት ዓይነት ቅጠል ሰብስቡ። ከጉቶው ያቆጠቆጠው ክብ ቢጤ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን አቅፏል፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ሰማያዊ ነጭ ዱቄት አለው። ያ ዱቄት ሰም ነው። ከትልቁ ዛፍ የወረደው ግን ረጅም፣ ማጭድ የመሰለ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ነው። ቁልቁል መንጠልጠሉ የቀትር ፀሐይን ፊት ለፊት ከመቀበል ያድነዋል። አንድ ዛፍ፣ ሁለት ቅጠል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገባ ለማገዶ በፍጥነት ያስወደደው ነገር ደግሞ ቅርፊቱ ሥር የተደበቁት ዓይኖች ናቸው። ቆርጠኸው ተመልሶ ይመጣል።

ሣር ስንት ጊዜ ቢጋጥ ለምን አይሞትም? የበቆሎ ቅጠል ጫፉን በመቀስ ቁረጡና ጠብቁ። የተቆረጠው ጠርዝ እንደተቆረጠ ወደ ላይ ይገፋል። የሣር ወገን ቅጠል የሚያድገው ከመነሻው በኩል ስለሆነ ከብት የሚወስደው አሮጌውን ክፍል ነው።

ደረጃ 5፦ አበባ

«ዱባዬ አበባ ብቻ ያወጣል፣ ፍሬ አልያዘልኝም» የሚል ሰው አታጡም። የአበባን አሠራር ለመማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ተክል ላይ ለየብቻ ያወጣል። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ዱባ የሚከፈተው ያኔ ነው፤ ሲረፋፍድ ይጨመደዳል። ከአበባው በታች ያለውን ዘንግ እዩ። ቀጭንና ረጅም ከሆነ ወንዴ ነው። ከአበባው ሥር ትንሽዬ ዱባ ካለች ሴቴ ናት። ወንዴውን ቀጥፋችሁ ቢጫውን ቅጠል ስትገፉት መሃሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ዘንግ ይቀራል። ጣታችሁ ላይ ይለቃል። ሴቴዋ መሃል ላይ ወፍራም፣ የተከፋፈለ፣ የሚያጣብቅ ነገር ታገኛላችሁ። ዱቄቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከዚያ ከዱቄቱ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ሄዳ ትንሿ ዱባ ውስጥ ያሉት የዘር ጅምሮች ጋ ትደርሳለች።

ተክሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ወንዴ አበባ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አትጨነቁ። ሴቴዎቹ መጥተው ትናንሾቹ ዱባዎች እየጠወለጉ የሚረግፉ ከሆነ ግን ምናልባት ንብ አልጎበኛቸውም። የወንዴውን ዱቄታም ዘንግ ይዛችሁ በሴቴዋ መሃል ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ጠዋት፣ አበባው ክፍት ሳለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከያዘ ትንሿ ዱባ ማበጥ ትጀምራለች።

በቆሎም ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። አናቱ ላይ ያለው ወንዴ፣ እሸቱ ሴቴ። ከእሸቱ የሚንጠለጠለው እያንዳንዱ ጺም ከአንድ የበቆሎ ፍሬ ጋር ይገናኛል። እሸት ስትበሉ ጥርሱ የጎደለ ካገኛችሁ፣ የዚያች ፍሬ ጺም ዱቄት አልደረሳትም ነበር። ፓፓያ ከዚህም ያልፋል፦ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁሉ ነገሩ የለመለመ ፓፓያ ዕድሜውን ሙሉ ሳያፈራ የሚቀረው ምናልባት ወንዴ ስለሆነ ነው።

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ቅጠፉና አንዱን ለሁለት ሰንጥቁት። አንድ አበባ የመሰላችሁ የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖች እያንዳንዳቸው ዘር ሊሰጡ ይችላሉ። ዳር ያሉት ቢጫዎች ዋና ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ሱፍና ኑግም የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ፍሬና ዘር

ፍሬ ማለት ከአበባው በኋላ ያደገው፣ ዘር የያዘው ክፍል ነው። መለያው ሁለት ጠባሳ ነው፦ ከዘንጉ ጋር የተያያዘበትና አበባው የነበረበት። ዘር ግን አንድ ጠባሳ ብቻ አለው፣ የባቄላዋን አስታውሱ። ዘይቱንና ሮማን ላይ የአበባው ቅሪት ዘውድ ሆኖ ጫፉ ላይ ይታያል። ቲማቲም ላይ ደግሞ በዘንጉ ተቃራኒ ያለች ነጥብ ናት። ስለዚህ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ወጥ ቤት ውስጥ አትክልት ቢባሉም ፍሬ ናቸው።

ቡና እሸት ካገኛችሁ ቀዩን ቆዳ ላጡት። ከሥሩ የሚጣፍጥ ዝልግልግ ሥጋ አለ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ስስ ብርማ ሽፋን፣ መጨረሻ ዘሩ። ቡና ስትቆሉ የሚበተነው ስስ ገለባ ያ ብርማ ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዘር ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ፊታቸው ጠፍጣፋ ይሆናል። አንዱ ሳያድግ ሲቀር የተረፈው ክብ ሆኖ ይወጣል። ከተቆላ ቡና ውስጥ ፈልጉ፣ አታጡም።

ጤፍ ላይ ደግሞ የፍሬው ግድግዳና የዘሩ ሽፋን ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ስንዴና በቆሎም እንዲሁ ናቸው። የአንድ ስንዴ ክብደት ለመሙላት ከ100 በላይ የጤፍ ቅንጣት ያስፈልጋል። ሽፋኑን ገፎ መፍጨት በተግባር አይሆንም፣ ስለዚህ ጤፍ የሚፈጨው ከነሁለመናው ነው።

መፈተኛ

ራሳችሁን መፈተን ካሰኛችሁ ገበያ ሄዳችሁ እነዚህን ግዙ፦ ሸንኮራ አገዳ፣ ጎደሬ፣ አንጮቴ፣ አበባ ጎመን፣ በለስ (የቁልቋሉ ፍሬ)። መጀመሪያ ዓይን ፈልጉ፣ ከዚያ መልሱን አንብቡ።

ሸንኮራ በየአንጓው አንድ ዓይን አለው፣ ግንድ ነው፤ አንጓ ያለበትን ቁራጭ ቅበሩት ይበቅላል። ጎደሬ ላይ የረገፉ ቅጠሎች የተዉት ቀለበት አለ፣ ያም ግንድ ነው። አንጮቴ የተደረደረ ዓይን የለውም፣ የወፈረ ሥር ነው። አበባ ጎመን ገና ያልተከፈተ የአበባ ጅምር ክምር ነው። በለስ የሚበላው ፍሬ ነው፣ ጫፉ ላይ የአበባውን ጠባሳ ታገኛላችሁ። ፍሬው የተቀመጠበት ጠፍጣፋ አረንጓዴ ነገር ግን ቅጠል ሳይሆን ግንድ ነው። ቅጠሎቹ እሾህ ሆነዋል፣ በጓንት ያዙት።